ከካርቱም እስከ መተማ

ውጭ አገር ሄዶ ተማረ የተባለ እንደ ሆነ ሰው ሁሉ የሚያስበው ባሕር ተሻግሮ፥ በረዶ ረግጦ፥ የማያውቀውን ምግብ ለምዶ የተመለሰውን ነው። ካርቱም ግን ጎረቤት ናት። በሰላም ጊዜ ከጎንደር ማለዳ የተነሣ መንገደኛ መተማ አድሮ በማግሥቱ ማታ ካርቱም ይገባ ነበር፤ ከጣና የወጣው ውሃም ከርሱ ቀድሞ ደርሶ በድልድዮቹ ሥር ሲያልፍ ያገኘዋል። ስለዚህ በካርቱም ተማርኩ ስል አንዳንድ ወዳጆቼ «እርሱማ ምኑ ውጭ አገር ነው!» ብለው ይስቁብኛል። እኔ ደግሞ የምወዳት ስለ ቅርብነቷ ነው።

ትምህርቴ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ነበረ። ይህ ትምህርት ቤት እንግሊዞች ሱዳንን በያዙ ጊዜ በጄኔራል ጎርዶን ስም የመታሰቢያ ኮሌጅ ተብሎ በ1895 ዓ. ም. ተከፈተ፤ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1948 ዓ. ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በጥቁር ዓባይ አቅራቢያ በቀይ ጡብ የተሠራው አሮጌው ሕንጻ ለዓይን ደስ ያሰኛል፤ በረንዳው ረጅምና ጥላ የሞላበት ስለ ሆነ በቀትር ተማሪው ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰባል። ካርቱም ውስጥ ጡብ የሚቃጠለው ወንዙ በክረምት ከሚያመጣው ደለል መሆኑን የነገሩን አንድ የታሪክ መምህር ነበሩ። «እናንተ አፈሩን ትልኩልናላችሁ፥ እኛ ቤት እንሠራበታለን፤ አሁን ደግሞ አንቺ አፈርሽን ፍለጋ መጣሽ» ብለው ሲያፌዙብኝ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

የመመረቂያ ጽሑፌ በአማርኛና በሱዳን ዓረብኛ ስለሚገኙ የጓዳና የገበያ ቃላት የሚናገር ነበረ። አማርኛ በመማር ላይ ያለ አንባቢ ይህን ነገር ልብ እንዲለው እወዳለሁ። በሁለቱ ቋንቋዎች የሚመሳሰሉት ቃላት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዳንዶቹን ሁለቱም ቋንቋዎች ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ ወርሰዋቸዋል፤ ቤት በዓረብኛ በይት፥ ዓይን ዐይን፥ ሞት መውት ነው፤ ደምም ያው ደም ነው። ሌሎቹን ግን ነጋዴ በግመልና በበቅሎ አመጣቸው፤ ሱቅ፥ ኪስ፥ ወረቀት እንዲህ ያሉት ናቸው። ጀበናን እነርሱም ጀበና ይሉታል፤ ነገር ግን ዕቃውን ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ቡና ጭምር በዚሁ ስም ይጠሩታል። ፈረንጆች ሰማያዊ የሚሉትን ዓባይ እኛ ጥቁር እንለዋለን፤ ዓረቦች አዝረቅ ይሉታል። አዝረቅ በመጽሐፍ ቋንቋ ሰማያዊ ማለት ነው፤ በሱዳን ሕዝብ አነጋገር ግን ጥቁርንም ይጨምራል። ስለ ወንዙ ቀለም እኛና ሱዳኖች የተስማማን ሆነን ሳለ ፈረንጅ ለብቻው መቅረቱ ደስ ይለኝ ነበረ።

በ2015 ዓ. ም. በየካቲት ወር ጽሑፌ አንድ ምዕራፍ ብቻ ሲቀረው፥ ከተማይቱን የምለይበት ጊዜ መድረሱን ስላወቅሁ፥ በየዓርቡ ያላየሁትን ለማየት ተነሣሁ። በመጀመሪያ የሄድኩት ሁለቱ ዓባዮች ወደሚገናኙበት ወደ ሞግረን ነው። ሁለቱ ውሃዎች እንደ ተገናኙ ወዲያው አይዋሐዱም፤ ቀለማቸው ሳይደባለቅ ጎን ለጎን ጥቂት ይሄዳሉ። በሌላው ዓርብ ድልድዩን ተሻግሬ ኦምዱርማን ሄድኩ።

ኦምዱርማን ኢትዮጵያዊ ዝም ብሎ የሚያልፍባት ከተማ አይደለችም። አጼ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ. ም. መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ ቆስለው ካረፉ በኋላ፥ ራሳቸው ተቆርጦ የተወሰደው ወደዚህች ከተማ ነው። ዘጠኝ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ፥ በነሐሴ 1890 ዓ. ም.፥ ከዚህችው ከተማ በስተ ሰሜን ባለው በከረሪ ሜዳ የእንግሊዝ መድፍና መትረየስ ከ10 ሺህ በላይ የኸሊፋውን ወታደሮች በአንድ ቀን ፈጀ። የማህዲው መቃብር ጉልላትም በዚያው ጦርነት በመድፍ ፈረሰ፤ ዛሬ የሚታየው ኋላ የታነጸው ነው። በመቃብሩ አጥር አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌ ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ። ስነግራቸው «የዩሐና አገር!» አሉና ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ፤ ከእንስራቸውም ቀዝቃዛ ውሃ ቀድተው ሰጡኝ። በዚያ ቀን ስለ ዮሐንስ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

ሶባንም ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው። ሶባ ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ በጥቁር ዓባይ ዳር ያለች ቦታ ስትሆን በመካከለኛው ዘመን የክርስቲያኑ የዓልዋ መንግሥት መናገሻ ነበረች። ለኛ ግን የቅርብ ትዝታም አላት። ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ተሰደው ከነበሩት ወጣቶች አንዳንዶቹ በሶባ የጦር ትምህርት ተምረዋል፤ ኋላ ጄኔራሎች የሆኑት ሙሉጌታ ቡሊና መንግሥቱ ንዋይ ከነርሱ መካከል ናቸው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1932 ዓ. ም. መጨረሻ ካርቱም ገብተው ከቆዩ በኋላ፥ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ. ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማችንን የተከሉት ከዚያው ተነሥተው ነው። እንግዲህ በካርቱም የተማረ ኢትዮጵያዊ እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም፤ ከኔ በፊት የነበሩት የተማሩት ወደ አገራቸው የሚመለሱበትን መንገድ ነው።

መኖሪያዬ ዴም በሚባለው ሰፈር ነበረ። ይህ ሰፈር ኢትዮጵያውያን የሚበዙበት ስለ ሆነ፥ በማለዳ የእንጀራ ሽታ ከሱዳን ኪስራ ሽታ ጋራ ተቀላቅሎ ይመጣል። ክፍል ያከራዩኝ አንዲት ባልቴት ነበሩ። በሱዳን በዕድሜ የገፋችን ሴት በስሟ መጥራት ነውር ነው፤ መካ ብትሄድም ባትሄድም «ሐጃ» ትባላለች። የኔዋ ሐጃ ግን በእውነት ሄደው የተመለሱ ናቸው። ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ሆነው ኖረው ሞተዋል፤ ወንድ ልጃቸው ባሕር ማዶ ነው። ቸር ሴት ናቸው፤ በሒሳብ ግን ቀልድ አያውቁም። ኪራዬን በፈረንጆች ወር መባቻ እቈጥርላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ሦስት ጊዜ ቈጥረው በመሐረብ ይቋጥሩታል፤ አንዲት ጊኒ ብትተርፍ ከበሬ ድረስ መጥተው ይመልሱልኛል።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን አብረው ዋሉ። እኔም ስጾም ሐጃም ሲጾሙ ቤታችን ቀኑን ሙሉ ጭስ የማይወጣበት ሆነ። ፀሐይ ስትጠልቅ የሰፈሩ ወንዶች ምንጣፋቸውን ይዘው ወደ ጎዳና ይወጣሉ፤ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው ያስቆሙና መንገደኛውን ያለ ውድ በግድ አስቀምጠው ያስፈጥሩታል። ይህን ልማድ በሌላ አገር አላየሁም። ሐጃ ከማሽላ ብቅል የሚዘጋጀውን ኅሉ ሙር የሚባለውን መጠጥ ለኔም ይቀዱልኝ ነበረ፤ ከእንስሳ የተገኘ ነገር ስለሌለበት ለጾሜ የተመቸ ነው። ኅሉ ጣፋጭ፥ ሙር መራራ ማለት ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው።

ጽሑፌን ለመምህራን ጉባኤ ቀርቤ የማስረዳበት ቀን ከኢድ በዓል በኋላ እንዲሆን ተቀጥሮልኝ ነበረ። የትንሣኤ በዓል ሚያዝያ 8 ቀን እሑድ ስለሚውል ዓርብ ማታ አንዲት ዶሮ ገዝቼ በግቢው ጥግ አሰርኩ።

ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን ማለዳ ተኩስ ተጀመረ። በመጀመሪያ በሶባና በስፖርት ከተማው በኩል ነው ተባለ፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከአይሮፕላን ማረፊያው ጥቁር ጭስ ሲወጣ በዓይናችን አየነው። በጄኔራል አብደልፈታሕ አልቡርሃን የሚመራው የመንግሥት ጦርና በጄኔራል መሐመድ ሐምዳን ደጋሎ የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ የተባለው ኃይል፥ በ2014 ዓ. ም. አብረው ሥልጣን የያዙት ሁለቱ፥ በሰው በተሞላ ከተማ መካከል ተፋጠጡ። በቀትር የጦር አይሮፕላን በቤታችን ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። በሙቀት ወራት ሱዳኖች ዐንገረብ በሚሉት የጠፍር አልጋ በግቢ ነው የሚተኙት፤ በዚያች ማታ አልጋዎቻችንን እየጎተትን ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባን።

ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የማይታሰብ ሆነ። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ግድም፥ ዶሮ ይጮኻል በሚባልበት ሰዓት፥ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ለብቻዬ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አልኩ። ሐጃ ለሱሑር ነቅተው ነበረና ምን እንደምል ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «መልካም በዓል፥ ልጄ» አሉና ከቴምራቸው ከፍለው ሰጡኝ፤ የሁለት ወር ጾሜን በቴምር ፈታሁ። ዶሮዋ ግን ሳትታረድ ቀረች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እኔ ሴት ነኝና በአገሬ ልማድ አላርድም፤ ሐጃ የሚያሳርዱትን እኔ አልበላም፤ የክርስቲያን ወንድ ለመጥራትም ከደጅ መውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ዶሮዋ በሃይማኖት ምክንያት ዳነች። በሦስተኛው ቀን እንቁላል ጣለች፤ እንቁላል ግን ለሁለታችንም የተፈቀደ ነው።

ዐሥር ቀን እንዲህ ኖርን። ውሃ ተቋረጠ፤ መብራት ሄዶ መጥቶ ጨርሶ ጠፋ። የሰፈሩ ወጣቶች በአህያ ጋሪ ውሃ እያመጡ ለሽማግሌና ለባልቴት በየቤቱ ያድሉ ነበረ፤ ከባዕድና ከተወላጅ ሳይለዩ። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ብዙ ተማሪዎች ለቀናት ተከበው ቀሩ። ከነርሱ አንዱ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ወደ መካነ መቃብር የሚያደርስ መንገድ ስላልነበረ ጓደኞቹ እዚያው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቀበሩት። ይህን በስልክ የነገረችኝ ከበረንዳው ሥር አብራኝ ትቀመጥ የነበረች ልጅ ናት። ያ በረንዳና ያ የቀትር ጥላ ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላ ዓይን ይታየኛል።

የኢድ በዓል አለፈ። ከሚያዝያ 16 ሌሊት ጀምሮ ለሦስት ቀን ተኩስ እንዲቆም ተስማሙ በተባለ ጊዜ፥ የሰፈሩ ወጣቶች አንድ አውቶቡስ ወደ ወድ ማዳኒ ሊሄድ ነው ብለው ስም መዘገቡ። የሁለታችንንም ስም አስጻፍኩ። ሐጃ ግን እምቢ አሉ። «በ1964፥ በ1985፥ በ2019 ሕዝቡ ሦስት መንግሥት ሲያወርድ በዚህ ግቢ ሆኜ አይቻለሁ» አሉኝ፤ ዓመቱን እንደ እነርሱ አቈጣጠር በጣታቸው እየቈጠሩ። «ይህም ያልፋል። ቤት ባዶ ከተተወ የማንም ነው፤ ሰው ካለበት ግን የሰው ነው።» ለመንኳቸው፤ እግራቸውን ይዤ ለመንኳቸው። በመጨረሻ ተቈጥተው «ያ ቢቲ፥ እናትሽ ትጠብቅሻለች፤ እኔን የሚጠብቀኝ እዚሁ ነው» ብለው የክፍሌን ቁልፍ ከእጄ ወሰዱ። መጽሐፎቼን በሣጥን አድርጌ ተውኩላቸው፤ ዶሮዋንም። የወሰድኩት ጽሑፌን፥ አንድ ልብስና የመንገድ ወረቀቴን ብቻ ነው።

ከከተማው ለመውጣት ብዙ ኬላ ነበረብን። በአንደኛው ላይ ገና ጢም ያላበቀለ ታጣቂ ልጅ ወደ አውቶቡሱ ገብቶ ቦርሳዬን ከፈተ። ጽሑፌን አወጣና ገጹን ገለበጠ፤ ዓረብኛና አማርኛ ጎን ለጎን ተጽፎ ሲያይ ፊቱ ጠቈረ። ስላዩ መስሎኝ ልቤ ቆመ። «ምን ይላል? አንብቢው» አለኝ። ማንበብ እንደማይችል የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ፤ በይት፥ ቤት፤ ዐይን፥ ዓይን፤ ደም፥ ደም፤ መውት፥ ሞት። አውቶቡሱ ጸጥ አለ። ልጁ ጥቂት አዳመጠና «ይህ የኛው ቃል ነው፥ ማን ጻፈው ብለሽ ነው የምትማሪው?» አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ሳያስቡት ሳቁ፤ እርሱም ሳቀና ወረቀቱን መልሶ ወረደ። ለመምህራን ጉባኤ ላስረዳ የነበረውን ጽሑፍ ያስረዳሁት እዚያ ነው ማለት ይቻላል።

ወድ ማዳኒ እስክንደርስ መንገዱ በገዚራ እርሻ መካከል ያልፋል። እንግሊዞች በ1917 ዓ. ም. የሰናርን ግድብ ሠርተው የጥቁር ዓባይን ውሃ በቦይ ወደዚህ ሜዳ መለሱ፤ ጥጥም ዘሩበት። በየመንደሩ ደጃፍ ሰዎች የውሃ እንስራና ዳቦ ይዘው ይጠብቁን ነበረ፤ አውቶቡሱን በረመዳን እንደሚያደርጉት እጃቸውን ዘርግተው ያስቆማሉ። ወንዙን በሐንቱብ ድልድይ ተሻግረን በሁለተኛው ቀን ገዳሪፍ ገባን። ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት፤ በመኸር ጊዜ ከአገራችን ብዙ ሠራተኛ ይሄድባታል። ከዚያ ወደ ድንበሩ ሲኬድ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ኡም ራኩባ የሚባል የስደተኞች ሰፈር አለ። በ1977 ዓ. ም. ረኀብ የኛ ሰዎች በዚያ ሰፍረው ነበረ፤ በ2013 ዓ. ም. በትግራይ ጦርነት ጊዜ ከ60 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ወደ ሱዳን ሲሸሹ ያው ሰፈር ዳግመኛ ተከፈተ። አጠገቤ የተቀመጠ ሱዳናዊ ሐኪም፥ ሚስቱንና ሁለት ሕፃናት ይዞ፥ በዚያ ሰፈር ሁለት ዓመት እንደ ሠራ ነገረኝ። «አሁን እኔ ወደናንተ ልሂድ፤ ተራው ነው» አለ፤ ሲናገር ምሬት አልነበረበትም፤ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የተናገረው።

ገላባትንና መተማን የሚለየው ትንሽ ጅረትና ትንሽ ድልድይ ነው። አጼ ዮሐንስ የወደቁባት ከተማ ዛሬም መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ድልድዩ ላይ የቆመው ሕዝብ ብዛት ግን በጦርነት ታሪክ ሳይሆን በገበያ ቀን የሚታየውን ይመስል ነበረ፤ ሱዳናዊው፥ ኤርትራዊው፥ ቱርኩ፥ ፓኪስታኑ ሻንጣውን ተሸክሞ ይገፋፋል። እኔ ዜጋ ነኝና ቶሎ አለፍኩ። ሐኪሙ ግን ሙሉ ቀን በፀሐይ ቆሞ ዋለ። የመተማ ሴቶች ውሃና እንጀራ ይዘው ወደ ሰልፉ ሲመጡ አየሁ፤ አንዷ ለሐኪሙ ልጅ እንጀራ ስትሰጠው ሕፃኑ ቀምሶ «ኪስራ!» ብሎ ጮኸ። ለመጨረሻው ምዕራፌ የሚሆን ቃል ነበረ፤ በእጄ ጀርባ ላይ ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጉዞ፥ በገንዳ ውሃና በአይከል አድርጎ ጎንደር መግባቱን፥ ብዙ አላስታውሰውም፤ ተኝቼ ነው የሄድኩት። የምዕራፉን ቅሪት እናቴ ቤት ጻፍኩና መምህሬ ካይሮ በተሰደዱበት ቤት ሆነው አነበቡት። ኪስራን ስለ ጨመርኩ ደስ ብሏቸዋል፤ በሁለት ቦታም ቀይ መስመር አሥምረውበታል።

ሐጃ ብዙ ወር ድምፃቸው ጠፋ። ኋላ እንደ ሰማሁት፥ የወንድማቸው ልጅ በሰኔ ወር መጥቶ በግድ ወደ ወድ ማዳኒ ወሰዳቸው። ማዳኒ ደግሞ ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ. ም. በፈጥኖ ደራሹ ኃይል ተያዘችና እንደገና ወደ ገዳሪፍ ሸሹ። ዶሮዋ ማዳኒ ድረስ አብራ ሄዳ እዚያ ቀረች። በመጋቢት 2017 ዓ. ም. የመንግሥት ጦር የካርቱምን መካከል ካስለቀቀ በኋላ የወንድማቸው ልጅ ቤቱን ሊያይ ሄደ፤ በሳምንቱም ሐጃ ከገዳሪፍ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ አነጋገራቸው ግን ያው ነው። ግድግዳው ቆሟል አሉኝ፤ አልጋው፥ በሩ፥ መስኮቱ፥ የመብራቱ ሽቦ ሳይቀር ተወስዷል። የመጽሐፍ ሣጥኔን ሌባ ስላልፈለገው በቦታው ተገኝቷል። ከዚያ ስለ እናቴ ጤንነት ጠየቁኝ፤ ስለ ጽሑፌም ጠየቁኝ። ልሰናበታቸው ስል «ቆይ፥ አልጨረስኩም» አሉ። የወጣሁት በፈረንጆች ሚያዝያ 25 ቀን ስለ ሆነ፥ የከፈልኩት ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ስለ ሆነ፥ የአምስት ቀን ኪራይ እርሳቸው ዘንድ አለኝ፤ በመሐረብ ቋጥረው ለብቻው አስቀምጠውታል። የክፍሌም ቁልፍ ከርሳቸው ጋራ ነው።